የማይጮኸው ፓምፕ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አለቃዬ አቶ ተስፋልደት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ዋና ትችያለሽ?» አልችልም አልኳቸው። «ጥሩ ነው» አሉ። «ዋና የሚችሉት ለሥራ ተልከው ቶሎ አይመለሱም።»

ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰባት ዓመት በኤሌክትሪክ ጥገና ሠርቻለሁ። ካምፓላ የመጣሁት ባለቤቴ እዚህ ሥራ ስላገኘ ነው። አቶ ተስፋልደት አስመራ ተወልደው ካምፓላ የከረሙ ሰው ናቸው፤ ንቲንዳ፣ ከሱፐርማርኬት በላይ ባለች ባለሁለት ክፍል ቢሮ ሆነው የመዋኛ ገንዳ ይጠግናሉ፣ ዕቃም ይሸጣሉ። በረዳት ቴክኒሻንነት ቀጠሩኝ። መልቲሜትር፣ የቧንቧ መፍቻ፣ የውሃ መመርመሪያ ሣጥንና ከቁመቴ የሚበልጥ የገንዳ ብሩሽ ፈርሜ ተረከብኩ። ብሩሹን ታቅፌ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ስሄድ ከኋላችን የነበሩት ሞተረኞች ሁሉ ርቀታቸውን ጠበቁ።

የዚያን ቀን የተላክሁበት ቤት ፓምፑ የተተከለው ከገንዳው ውሃ በታች ነበር። መብራቱን አጠፋሁና ቫልቮቹን ሳልዘጋ ክዳኑን ከፈትኩ። ገንዳው በሙሉ በእኔ በኩል ሊወጣ ፈለገ። አቶ ተስፋልደት መጥተው ቫልቮቹን ዘጉ፤ ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝና «ተጠምቀሻል። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ» ብለው ሄዱ። ቅደም ተከተሉን ከዚያ ወዲያ ተሳስቼው አላውቅም። መብራት ይጠፋል፣ የመሳቢያው ቫልቭ ይዘጋል፣ የመመለሻው ይዘጋል፣ የታመቀው አየር ይለቀቃል፣ ክዳን የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲኒየር ቴክኒሻን በሆንኩበት ዓመት ስማርት ፓምፖቹ መጡ። የድሮው ፓምፕ የሚያውቀው አንድ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ሲነሳ በሙሉ ኃይሉ ይነሳል። አዲሱ ፍጥነቱን ይመርጣል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚበላው መብራት ወደ አንድ ስምንተኛ ግድም ይወርዳል። ስለዚህ በዝግታ ረጅም ሰዓት ቢሠራ ይሻላል። ሁሉም ነገር ስልክ ላይ ይታያል። አቶ ተስፋልደት ለደንበኛ ሲያስረዱ ስልኩን እንደ መስቀል ከፍ አድርገው ይይዙት ነበር።

አዲሱን ፓምፕ መጀመሪያ የገዙን ደንበኛ ወይዘሮ አስቴር ናቸው። ኮሎሎ ላይ ባለ አሥራ ሁለት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ተክዬ ጨረስኩና ጠራኋቸው። ፓምፑ ፊት ቆመው ቦርሳቸውን እንደያዙ ጠበቁ።

«መቼ ነው የምታስነሺው?»

«ተነስቷል እትዬ።»

ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ፤ እጃቸውንም አስቀመጡበት። «ይሄ ተኝቷል እንጂ አልተነሳም» አሉ። ውሃው ወደ ገንዳው ሲመለስ ወስጄ አሳየኋቸው። አዩ፤ ግን አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ እንግዶቼ ሞተሩ ሲጮህ ነው ገንዳው ታጥቧል የሚሉት» አሉኝ።

የወሩ የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ወይዘሮ አስቴር ደወሉ። ምንም አልቀነሰም። ለአቶ ተስፋልደት «ይህን ስማርት ያላችሁትን ዕቃ ነቅላችሁ የድሮዬን መልሱልኝ» አሏቸው። እኛ ደግሞ ያን ፓምፕ አሳይተን ለሌሎች ሦስት ሆቴሎች ልንሸጥ ቀጠሮ ይዘን ነበር። አቶ ተስፋልደት ጠሩኝና «ይህ ፓምፕ ከተነቀለ አንቺም እኔም ወደ ብሩሽ እንመለሳለን» አሉኝ።

ስልኬን ከፈትኩ። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ይሠራል። ጠዋት ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ግን ወደ ሙሉ ፍጥነት ይዘልና እስከ ሰባት ሰዓት ያብዳል። በየቀኑ። ሶፍትዌሩን አደስኩ። የመቆጣጠሪያውን ሰሌዳ ቀየርኩ። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ እንደገና ዘለለ። ያን ጊዜ ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ ወንበር አስገብቼ ልጠብቀው ወሰንኩ።

አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው በሩ ተከፈተ። የገባው ሳሎንጎ ነበር። ሳሎንጎ እዚህ አገር መንታ ለወለደ አባት የሚሰጥ የክብር ስም ነው፤ ሌላ ስሙን ሰምቼ አላውቅም። ገንዳውን ከተሠራ ጊዜ ጀምሮ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሰዓት እንደኛው ነው የሚቆጥረው፤ አራት ሰዓት ሲል አራት ሰዓት ነው። ኮፍያውን አወለቀና «እንዴት አደርሽ ኛቦ» አለኝ፤ እመቤቴ ማለቱ ነው። ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ በጎኔ አለፈና የሙሉ ፍጥነቱን ቁልፍ ተጫነ። ክፍሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሳሎንጎ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት እየጮህኩ።

«እየሠራሁ ነው ኛቦ» አለ እሱም እየጮኸ።

ቁልፉን መልሼ ፓምፑን ዝም አሰኘሁት፤ ሳሎንጎም አብራራልኝ። ወይዘሮ አስቴር በየጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ድሮ ሞተሩን ሲሰሙ ሳሎንጎ ሥራ ላይ እንደሆነ ያውቁ ነበር። አዲሱ ፓምፕ ከተተከለ በሦስተኛው ቀን ግን ጠርተው «ሳሎንጎ፣ ዛሬ ሥራ የለህም?» አሉት። «ስድስት ልጆች አሉኝ» አለኝ። «እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለት ጊዜ መጠየቅ የለበትም።»

ቅዳሜ ወይዘሮ አስቴር ዘንድ ቀጠሮ ነበረን። መኪና ውስጥ ለአቶ ተስፋልደት ነገርኳቸው። «ሶፍትዌሩ ነበር በይ። ሶፍትዌር ልጆች የሉትም» አሉኝ። ሐሳቡ አልከፋኝም። ግን እንደዚያ ብል ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ያው ቁልፍ ይጫናል።

ፓምፑ አጠገብ ቆመን ሳሎንጎም ባለበት እውነቱን ተናገርኩ። ጥፋቱን ግን ለራሴ አደረግሁት፤ ደግሞም የኔ ነበር። «ማሽኑን ስተክል ሳሎንጎን አላነጋገርኩትም» አልኩ። «ከእንግዲህ ሥራው ምን እንደሆነ ለእሱም ለእርስዎም ሳልነግር ሄድኩ።»

ወይዘሮ አስቴር የፈራሁትን ጠየቁ። «ታዲያ ፓምፑ ራሱን የሚያዝ ከሆነ የሳሎንጎ ሥራ ምንድን ነው?»

አቶ ተስፋልደት ለመርዳት ብለው ነገሩን አባሱት። ስልካቸውን ከፍ አድርገው «ሁሉንም እዚህ እናያለን እትዬ። ይኸው፣ ሁሉ ደህና ነው ይላል» አሉ።

ሳሎንጎ ግን አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር። መዳፉን ቧንቧው ላይ አደረገ። «ደህና አይደለም ሴቦ» አለ ለአቶ ተስፋልደት፤ ጌታዬ ማለቱ ነው። «አየር እየሳበ ነው። የእንግዶቹ ልጆች ጠዋት ሲዘሉ ውሃውን አፍስሰውታል፤ ከመሳቢያው አፍ በታች ወርዷል።» አቶ ተስፋልደት ስልኩን በድጋሚ አሳዩት። ሳሎንጎ በአክብሮት አየውና ጎማ ቧንቧውን ሊዘረጋ ወጣ።

ብዙም ሳንቆይ ፓምፑ እንደመሳል አለ፣ ከዚያ ራሱን አጠፋ። ወዲያው የኔም የአቶ ተስፋልደትም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። «ውሃ የለም» ይላል። ስንወጣ ሳሎንጎ ገንዳው ዳር ቆሞ ውሃ እየጨመረ ነበር።

ወይዘሮ አስቴር ሁለቱን ስልኮች ተራ በተራ አዩ። «እነዚህ ከሳሎንጎ በኋላ ነው የሚሰሙት» አሉ። አቶ ተስፋልደት ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ፓምፑ አልተነቀለም። ግማሽ ቀን ከሳሎንጎ ጋር ተቀምጬ መቆጣጠሪያውን አሳየሁት፤ እሱም የቧንቧውን ድምፅ አስተማረኝ። ወይዘሮ አስቴር ነጭ ሰሌዳ ገዝተው በረንዳው ላይ ሰቀሉ። ሳሎንጎ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የክሎሪኑንና የውሃውን ልክ መርምሮ በትልልቅ ፊደል ይጽፋል፣ ስሙንም ከሥር ያኖራል። እንግዶቹ ቁርስ ላይ እንደ ጋዜጣ ያነቡታል።

በሚቀጥለው ወር ሂሳቡ ወረደ። ወይዘሮ አስቴር ያም ሆኖ ደወሉ። «ፓምፑ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ግን ዝም ስላለ፣ ከወጥ ቤቷ ጋር ስጨቃጨቅ እንግዶቹ ሁሉ ይሰሙኛል። ለዚህስ መፍትሔ አላችሁ?» የለንም አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስማርት ፓምፕ ተክያለሁ። ለአዳዲስ ቴክኒሻኖች የምለው ይህን ነው፦ ቫልቭ ከመንካታችሁ በፊት ገንዳውን በየቀኑ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ጠይቁና ከእሱ ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጡ። የቀረው መመሪያው ላይ አለ።