ጌሾ የገባበት ወይን

ነገሩ ሁሉ የተገለበጠብኝ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ባለ ሆቴል የሠራሁትን የወይን ጠጅ ሊቀምስ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወዳለው የአጎቴ ሙዝ እርሻ የመጣ ጊዜ። እኔ ወይኑ እንዳይጥመው እየጸለይኩ ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም አጎቴ ናቸው። ከሙዙ ጥግ፣ ከድሮው ባለ እርሻ የቀሩ ጥቂት የወይን ሐረጎች አሉ። ፍሬያቸው ትንንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነው፤ ዝርያውን መምህሮቼ እንኳ አላወቁትም። በምግብ ሳይንስ ስመረቅ አጎቴ «በይ እንግዲህ፣ ከዚህ ፍሬ ጣፋጭ የወይን ጠጅ አውጪልኝ» አሉ። እሺ አልኩ።

በዚያ እሺታ ሁለት ዓመት ሄደ። ፍሬውን ሰሌን ላይ ዘርግቼ እስኪጨማደድ አደርቃለሁ፤ ጨምቄ በርሜል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ሲፈላ ስኳሩ ሳያልቅ አረቄ ጨምሬ መፍላቱን አስቆማለሁ። ከዚያ ሐሙስ ሁለት ሳምንት በፊት ግን ሥራ አግኝተሻል ተብሎ ከሀዋሳ ተደወለልኝ፤ ከሐሙሱ በኋላ ባለው ሰኞ መጀመር ነበረብኝ። ለአጎቴ ለመንገር ስንት ቀን አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

በዚያው ሰሞን የአጎቴ ሚስት በርሜሉ ውስጥ ጌሾ ሲጨምሩ ደረስኩ።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ጌሾ የሌለው መጠጥ አለ እንዴ? ይሄ እኮ የሕፃን ጭማቂ ነው!»

ላወጣው እችል ነበር። አላወጣሁትም። ይምረር፣ ሊቀምስ የሚመጣው ባለ ሆቴል ይትፋው፣ አጎቴም ተስፋ ይቁረጡና ልሂድ ብዬ ክዳኑን መለስኩ።

ባለ ሆቴሉ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ። ደስ አለኝ። ከዚያ ደገመ።

«መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፤ ቆይቶ መረር ይላል። እንዲህ ያለ የትም አልቀመስኩም» አለ። «በየዓመቱ ያላችሁን ሁሉ እወስዳለሁ። ልጅቷ አለች አይደል?»

«እሷማ የት ትሄዳለች!» አሉ አጎቴ ትከሻዬን ይዘው። «እዚሁ ሥር ሰዳለች።»

ከጎናቸው የቆሙት እትዬ በጌሾዋቸው ኮርተው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? የአጎቴ እጅ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ዙሪያዬን የቆመው ሙዝ ከቁመቴ በላይ ነበር፤ የመጣንበት መንገድ እንኳ አይታይም።

በማግስቱ ጠዋት እርሻው ድረስ ሄድኩ። አጎቴ የመስኖውን ቦይ እየከፈቱ ነበር።

«ጋሼ፣ ወይኑን ያሳመረው የእትዬ ጌሾ ነው» አልኩ። «የቀረውን አሠራር ጽፌ እተውላችኋለሁ። እኔ ሰኞ ሀዋሳ ሥራ እጀምራለሁ።»

ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

ውሃው እየጮኸ ነበር፤ ሰምተውኝ ይሁን ሳይሰሙኝ አላውቅም። ጫማዬን አውልቄ ቦዩን ተሻገርኩና አጠገባቸው ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላቸው።