ሜዳው ላይ የቀረው ምሰሶ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባለቤቴ በአርበኝነታቸው ሁሩሙ አጠገብ መሬት ተመርተው ነበር። መቱ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ ዞር ብለው አላዩትም። ከአለቃቸው ተጣልተው ሥራ ሲለቁ ግን ከዚያ መሬት ሌላ ምንም አልነበረንም። ከጨውና ከልብስ በቀር ምንም አንገዛም አሉኝ። እኔ ስጋት የማያጣኝ ሰው ነኝ፤ ሳላየው ሦስት ልጆቼን ይዤ አልሰፍርም ብዬ ተከተልኳቸው።

መሬቱ ከላይ ጫካ የሸፈነው ዳገት ነው፤ ከታች ወንዝ ዳር የተንጣለለ ሜዳ። ባለቤቴ የሰሜን ሰው ናቸው፤ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ካዩ ልባቸው አያርፍም። ቀድመውኝ ሄደው ስለነበር፣ እኔ ስደርስ የቤቱን ምሰሶ መሀል ሜዳው ላይ አስተክለውታል። አፈሩ ጥቁር፣ ውሃው ቅርብ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን የአገሬው ሰው ቤት ሁሉ ዳገቱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ለምን ተረፈ?

ወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች ላይ፣ ከራሴ በላይ፣ የደረቀ ሣር ተንጠልጥሎ አየሁ። የወፍ ጎጆ መስሎኝ አብረውን ወደ ሜዳው የወረዱትን የአገሬውን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው።

«የወፍ አይደለም እትዬ። ቢሻን ነው፣ ውሃው ነው እዚያ የሰቀለው። እንዲህ ያለ ጨፌ ላይ በቆሎ ይዘራል እንጂ ሰው አያድርበትም።»

ውሃው መቼ እንደመጣ ቢጠየቁ ዓመቱን አላስታወሱም። ባለቤቴ ይህችን ይዘው ሳቁ።

«እዚህ ከሠሩ እኔ ልጆቼን ይዤ መቱ እቀራለሁ» አልኳቸው። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ቤቱ ዳገቱ ላይ ተሠራ። ምሰሶውን ግን በእልህ እዚያው ተዉት። ጎደሬው፣ ጎመኑ፣ ማሩ አላሳፈረንም፤ ሜዳው ላይ የዘራነውን በቆሎ ዝንጀሮ ቢካፈለንም ይበቃን ነበር። እኔ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ዳገቱስ ቢናድ? ሰውየውን በከንቱ አስቸግሬያቸው ቢሆንስ? ሁለት ክረምት አለፈ፤ ወንዙ ከአፉ አልወጣም። እንስራ ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ባለቤቴ «ያ ውሃሽ ገና አልመጣም?» እያሉ ያሾፉብኛል። አንዳንዴ በመጣና ባየነው ብዬ እመኝና በራሴ እደነግጣለሁ።

በሦስተኛው ክረምት ማለቂያ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። ሲያባራ ባለቤቴ ወረዱና ሳይመለሱ ቆዩ። ፈርቼ ልጆቹን አስከትዬ ወረድኩ። በቆሎው የለም። ምሰሶው ግን ቆሟል፤ ጭቃ ለብሶ፣ ሣር ተጠምጥሞበት።

ባለቤቴ ትልቁን ልጃችንን ጠርተው ምሰሶው ላይ አስደግፈው አቆሙት። ጭቃው የደረሰበት ከልጁ ራስ አንድ ክንድ ያልፋል። ሁለተኛዋንም አቆሟት። ትንሿ ተራዬ ነው ብላ ስትሮጥ ግን ብድግ አድርገው አቀፏት፤ እሷን አልለኳትም።