የእትዬ ዝናሽ ሹሩባ

ልጅ ሳለሁ፣ ጅቡቲ ከተማ ጋቦዴ ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፀጉሬን ታጥቤ በር ላይ ቁጭ ብዬ እትዬ ዝናሽን እጠብቅ ነበር። እትዬ ዝናሽ ሀራሙስ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ የቤት ሠራተኛ ነበረች። በሳምንት አንዴ ግማሽ ቀን ሲለቋት በሚኒባስ እኛ ዘንድ ትመጣለች። ከእናቴ ጋር የተዋወቁት ቤተ ክርስቲያን ነው።

እንደመጣች ነጠላዋን አጣጥፋ ታስቀምጥና ጉልበቶቿ መሀል ታስቀምጠኛለች። ፀጉሬ ያኔ ወገቤን አልፎ ነበር። በሚዶ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ እኩል ከፍላ ሁለት ወፍራም ጉንጉን ትሠራለች፤ ከዚያ አንዱን ከግራ፣ አንዱን ከቀኝ አሻግራ አናቴ ላይ ትጠመጥምና ጫፋቸውን ከሥር ደብቃ በማስያዣ ታጠብቀዋለች። በዚያ ሙቀት አንገቴን ነፋስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ይመሽ ነበር። መብራት ከጠፋ እናቴ ፋኖስ ትለኩሳለች፤ ከጎረቤት የሚጠበስ ዓሣ ጭስ በመስኮት ይገባል፤ እትዬ ዝናሽም ተረቷን ትቀጥላለች።

ተረቱ ስለ አንዲት ድኩላ ነበር። ድርቅ ሲገባ ግልገሏን ዛፍ ሥር ትታ ውሃ ፍለጋ ወረደች። በየሳምንቱ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይገጥማታል፤ አንዴ ቀበሮ፣ አንዴ የሞላ ወንዝ፣ አንዴ አጥር። ስንት ዓርብ እንዳለፈ አላስታውስም፤ ድኩላዋ ግን ገና መንገድ ላይ ነበረች።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ሰለቸኝ። አንድ ዓርብ ራሴን ስታሳምመኝ ተናድጄ፣ «ግልገሏን ብትወደው ኖሮ እስካሁን ትመለስ ነበር» አልኳት።

እጇ ቆመ። ከዚያ ጉንጉኑን ካቆመችበት ቀጠለች።

«ውሃው እኮ ሩቅ ነው፣ እናቴ» አለችኝ።

ሹሩባውን ጨርሳ ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። እናቴ ከጓዳ ሰምታኝ ኖሮ፣ እትዬ ዝናሽ ወሎ ውስጥ ከእናቷ ጋር የተወቻት የእኔ እኩያ ልጅ እንዳላት፣ ጥላት ስትመጣ ልጅቷ የሦስት ዓመት ሕፃን እንደነበረች ያን ማታ ነገረችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ሳምንቱን ሙሉ ቃል ሳሰናዳ ሰነበትኩ። ስትመጣ ግን አፈርኩና ሳልጠይቃት ጉልበቶቿ መሀል ተቀመጥኩ። እሷም እንደወትሮዋ ሠራችኝ፤ የጦጣና የጅብ ተረት ነገረችኝ። ድኩላዋን ዳግመኛ አላነሳችም።

በዓመቱ አገሯ ገባች። ወር ያህል ቆይታ ስትደውል እናቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ሁላችንም ሰማናት። ልጇ ደህና ናት፣ አድጋለች፣ ትምህርቷ ላይ ጎበዝ ናት። ፀጉሯም ረጅም ነው። «ግን ለኔ አትቀመጥም» አለች እትዬ ዝናሽ። «የለመደችው የአያቷን እጅ ነው። እኔ ሚዶ ሳነሳ ትሸሸኛለች።» ይህን ስትል ምሬት አልነበረባትም፤ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ነበር የምትናገረው። ቀጥላ እኔን ጠየቀችና፣ «አንቺንስ አሁን ማን ይሠራሻል?» አለችኝ። እናቴ ትሠራኝ ነበር፤ ያን ማለት ግን ከበደኝ። «ማንም» አልኳት። ዋሸሁ።

ዛሬ እዚሁ ጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ አንድ መጋዘን ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ፣ እጆቼን ወደ ኋላ አዙሬ፣ ያንኑ ሹሩባ ለራሴ እሠራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ፣ አንዲት ዘመዳችን ናት እላለሁ። እጇ ግን የሌላ ልጅ ነበር። ያ ሁሉ ዓርብ፣ ያ ሁሉ ተረት ወሎ ላለችው ልጅ የሚገባ ነበር፤ እኔ ጉልበቷ መሀል ተቀምጬ ወሰድኩባት፤ የወሰድኩትንም ሰለቸኝ ብዬ አማረርኩበት። ያቺ ልጅ ስሜን እንኳ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም።