የአባባ ቅልጥም

የገና ጨዋታ እኔን አንድ የፊት ጥርስ፣ አባባን ደግሞ አንድ ቅልጥም አስከፍሎናል። ዛሬም ታኅሣሥ ሲገባ የአቦከር ሰፈር ልጆች ዱላ ለዱላ ሲያጋጩ ድምፁ ሱቄ ድረስ ይደርስና፣ ምላሴ ሳላዝዘው የጥርሴን ክፍተት ይዳብሳል።

በልጅነቴ ፈሪ ነበርኩ፤ እኔ ግን ጨዋነት ነው እል ነበር። ታላቅ ሰው ሲመጣ ከመንገድ መውረድን፣ ሲናገሩኝ መሬት ማየትን ያስተማሩኝ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ የሚነግዱት አባባ ራሳቸው ነበሩ። ትምህርቱ ሥራ ላይ ሲውል ግን አላማራቸውም። አንድ የገና ዕለት እኩዮቼ ሩሯን፣ ያችን ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል፣ በቆልማማ ዱላቸው እያሯሯጡ ሲፋለሙ፣ እኔ የሁሉንም ጫማ ስጠብቅ አዩኝ። «ለጫማማ ዘበኛ ይቀጠራል» አሉኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላ ቆርጠው አመጡልኝ፣ ለራሳቸውም አንድ። ጥቅምትን ሙሉ ከገበያ ሲመለሱ፣ ቤታችን ፊት ባለው ጠባብ መንገድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሩሯን እግራቸው ሥር አስቀምጠው «ንጠቀኝ!» ይሉኝ ነበር። እኔም ዱላዬ ዱላቸውን በነካ ቁጥር «ይቅርታ አባባ» እል ነበር።

«ምን አጥፍተህ?»

«ነካሁዎት።»

«በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ሲባል አልሰማህም? አሁን አባትህ አይደለሁም። ምታ!»

አንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ መታሁ። ሩሯን ስቼ ቅልጥማቸውን አገኘሁት። አባባ ግድግዳ ተደግፈው እግራቸውን እያሹ፣ «ዓይንህን ግለጥ እንጂ፣ ምትህስ ጥሩ ነው» አሉኝ። በማግስቱ እየፈራሁ ገበያ ብወርድ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው የበለዘውን ቅልጥም እንደ ምርጥ በርበሬ ለደንበኛ ሁሉ ሲያሳዩ ደረስኩ። አጠገባቸው ቅመም የሚሸጡት አዴ ሐሊማ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ማሻአላህ! ይህ ጩጬ ነው የሰበረዎት?»

«ገና ምን አይተው፣ ይህ መጀመሪያው ነው» አሉ አባባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያው መሃል ሳልፍ አንገቴ ትንሽ ረዝሞ ነበር።

ገና ደረሰና ጫማዬን ሌላ ልጅ እንዲጠብቅልኝ ሰጥቼ ገባሁ። የአከራያችን ልጅ ደምሴ፣ ከእኔ በሁለት ራስ የሚበልጠው፣ ሩሯን ይዞ ሲመጣ ሌሎቹ መንገድ ለቀቁለት፣ እኔ ቆምኩ።

«ዞር በል፣ የበርበሬ ብናኝ!»

ዓይኔን ገልጬ መታሁ። ሩሯ ከዱላው ሥር ወጣች፤ የእሱ ዱላ ግን መንገዱን ቀጥሎ ጥርሴን ይዞ ሄደ። ደም እየተፋሁ ሩሯን ተከተልኳት። ከዳር አባባ ለማያውቁት ሰው «የእኔ ነው፣ ያ ደም የሚተፋው የእኔ ነው!» ሲሉ ሰማሁ።

ዛሬ ልጄ በአዲሱ ከተማ በኩል፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይጫወታል፤ ሆኪ ይሉታል፣ አሰልጣኝና ፊሽካም አለው። እኔ ከዳር ሆኜ «ጎበዝ!» እያልኩ ጉሮሮዬን እሰነጥቃለሁ። አባባ ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። በቀደም ደጃችን ላይ «ንጠቀኝ» ብዬው፣ ልጁ ዱላውን ሲያነሳ እግሬን ሰበሰብኩ።

ጥርሴ የወለቀበት ያን የገና ዕለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተሸንፈናል።