ልጄ ስለ ራሷ ያስተረጎመችልኝ ቀን

እትዬ ሙሉ አረፉ ሲሉኝ "የትኛዋ ሙሉ?" አልኩ። ባለፈው እሁድ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ቁጭ ብለን ስንስቅ ነበርኮ። አሁንም ስልኬን አንስቼ ልደውልላቸው ይቃጣኛል።

ለማታውቋቸው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ፤ የምንተዋወቀው በቤተክርስቲያን ነው። ለእኔ ግን ልጄን ያተረፉልኝ ሴት ናቸው። ሶልያና ራሷ "ጻፊው" ስላለችኝ ነው የምጽፈው።

አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ ክፍሏን ዘግታ መዋል ጀመረች። ምግብ የለ፣ ወሬ የለ። እኔ ጥጋብ ነው ብዬ ስልኳን ቀማኋት። ከዚያ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ያለው ትምህርት ቤቷ አስጠራኝ። ካውንስለሯ፣ የተማሪዎች አማካሪዋ ማለት ነው፣ ብዙ አወራች፤ የእኔ እንግሊዝኛ ለፓርኪንግ ሥራዬ እንጂ ለዚህ አይበቃም። እንደ ልማዳችን ወደ ልጄ ዞሬ "ምን አለች?" አልኳት።

"ጎበዝ ናት፣ ቶሎ ትተኛ ነው ያለችው።"

ካውንስለሯን በፈገግታ አመስግኜ ወጣሁ። ያቺ ጅል እኔ ነኝ።

የዚያን ሳምንት እሁድ ለእትዬ ሙሉ በኩራት ብነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ስለ ራሷ ራሷን አስተረጎምሻት?" አሉኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ጠይቀው አብረውኝ ገቡ። ልጄ ለካውንስለሯ "መኖር ሰልችቶኛል" ብላት ኖሯል።

ከሶልያና ጋር ሦስታችን ወጥተን መኪና ውስጥ እንደገባን ቁጣም ልቅሶም በአንድ ላይ ሊወጣኝ ሲል እትዬ ሙሉ ክንዴን ያዙኝ። "መልስ ማን ጠየቀሽ? ስሚ ብቻ።"

ወደ ልጄ ዞርኩ። ሶልያና "እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የዋሸሁሽ ማሚ፣ አይም ሶ ታየርድ፣ በጣም ደክሞኛል" ብላ አለቀሰች። አቀፍኳት።

በአንድ ቀን አልዳነችም። በየሳምንቱ ቴራፒስት ጋ ስናመላልሳት ሁለት ዓመት ሄደ። ምክር ልጀምር ስል እትዬ ሙሉ ያቺኑ ቃላቸውን ይደግሙልኝ ነበር። አንድ ቀን ሶልያና በመጨረሻዋ ሳምቡሳ ከወንድሟ ጋር ስትጣላ ሰምቼ ኪችን ውስጥ በደስታ አለቀስኩ።

ዛሬ መርዶውን ስትሰማ ከኮሌጅ ኮል አደረገችኝ። ድሮ ቢሆን "አይም ፋይን" ብላ ትዘጋው ነበር። "ማሚ፣ በጣም ከፍቶኛል፣ ቤት ልምጣ?" አለችኝ። በሐዘን ቀን እፎይ ማለት ነውር ከሆነ ይቅር በሉኝ፤ እፎይ አልኩ።

እትዬ ሙሉ፣ እንኳን ባለፈው እሁድ አመሰገንኩዎት። ልጅዎ በባቡር እየመጣች ነው፤ ሜትሮ ጣቢያ ሄጄ ልቀበላት ነው። ምንም አልመክራትም። እርስዎ በሰላም ይረፉ፣ እኔ እሰማታለሁ።