ፀጉር አስተካካዩና ሚስቱ የተወቻቸው ጥንቸሎች

የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ሚስቱ ጥላው የሄደች ዕለት ሱቁን እንደወትሮው ከፈተ። ወሬውን እኛ ደንበኞቹ የሰማነው ከእሱ አይደለም፤ ከዳቦ ሻጯ ነው። እሱማ መቀሱን እያንቀጫቀጨ ሲሠራ ዋለ። ወደ ማታ ግድም ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጡረተኛ መምህር አላስችል ብሎት፣ «ባለቤትህ ደህና ናት?» ሲለው፣ «ደህና ናት፤ ሄዳለች» አለ።

«ወዴት?»

«እሱን አልነገረችኝም» አለና የመምህሩን አንገት በብሩሽ ጠረገለት።

ሁላችንም ጋሽ መቀስ እንለዋለን፤ ስሙን የሚያውቅ ቢኖር ጥቂት ሰው ነው። ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ ወሬ ፍለጋ የመጣ ሰው ፀጉሩን ብቻ ተቆርጦ ይመለሳል። ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነው፣ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ። ግቢው ውስጥ በቆርቆሮው ጥላ ስር የሽቦ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ የሚስቱ አንጎራ ጥንቸሎች የሚኖሩት እዚያ ነው። አንጎራ አይቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ሲያይ ጥንቸል መሆኑን ይጠራጠራል። ፀጉሩ እስከ አፍንጫው ድረስ ይወርድና ጆሮ ያበቀለ የጥጥ ክምር ይመስላል። ሚስቱ ያንን ፀጉር እያበጠረች ትሰበስባለች፣ ትፈትላለች፣ ከዚያ በሹራብ መርፌ ወይ በኪሮሽ ኮፍያና ሻርፕ ትሠራበታለች። ሙያውን ያስተማሯት አብረዋቸው የሚኖሩት እናቷ ናቸው።

ስትሄድ የወሰደችው ልብሷን ብቻ ነው። ጥንቸሎቹን ተወች። እናቷንም ተወች።

እናትየው ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። የዚያን ዕለት ማታ አማትና አማች ለብቻቸው ገበታ ቀረቡ።

«ልጄ አሳፈረችኝ» አሉ አማቱ። «እንግዲህ እኔም ዕቃዬን ልሸክፍ።»

«ወዴት ሊሄዱ ነው እማማ?»

«እንጃ።»

«እንግዲያው ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ይጠጡ።»

የመሄድ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ሰው እየመጣ ያጽናናው ጀመር። አንዱ «አይዞህ፣ ትመለሳለች» ይላል፣ ሌላው «እንኳን ሄደች» ይላል። እሱ ለሁሉም «እሺ» ነው መልሱ። አማቱ አንድ ቀን፣ «ተናደሃል?» ብለው ጠየቁት። አልተናደድኩም አለ። «አዝነሃል?» ቢሉት ጥቂት አሰበና፣ «እግር ላይ ተቀምጠውበት ሲደነዝዝ አለ አይደል? ሲነኩት የሌላ ሰው ይመስላል። እንደዚያ ነው» አላቸው። «የደነዘዘ እግርማ ሲለቅ ያማል» አሉ አሮጊቷ። «እኔን ግን እያመመኝ አይደለም» አለ።

ጥንቸሎቹን ያበላቸዋል፣ ያጠጣቸዋል፣ ሣጥናቸውን ይጠርግላቸዋል። ከዚያ ያለፈ ሊያደርግላቸው አላሰበም። አንድ ሰሞን ግራጫዋ መብላት ተወች። ሣሩን ታሸተውና ፊቷን ታዞራለች። ጠዋት ሊያያት ሲሄድ ደርቃ አገኛት። አውጥቶ አማቱ ጭን ላይ አስቀመጣት፤ እሳቸውም ሆዷን በጣታቸው ዳበሱ።

«ፀጉሯን ውጣ ነው» አሉ። «ራሷን ስትልስ የረገፈው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። እንደ ድመት መልሳ አትተፋውም፤ አንጀቷ ውስጥ ይቋጠራል። ማበጠር ነበረብን።»

ከግቢው ጥግ ቀበራት። ምንም አልተሰማውም፤ ጉድጓዱን አስተካክሎ ደፈነ፣ እጁን ታጠበ፣ ሱቁን ከፈተ። ግን የዕረፍቱ ቀን ሲደርስ የሥራ ሸርጡን አሠረና አንዱን ነጭ ጥንቸል አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ለካ ፀጉር ሁሉ ፀጉር ነው። ወደ ውስጥ እፍ ሲልበት ፀጉሩ ይከፈትና ሮዝ ቆዳው ይታያል፤ ከዚያ ከስር ጀምሮ በዝግታ ማበጠር ነው። ሊረግፍ የደረሰው ሳይጎተት በራሱ ይለቃል። የተቋጠረውን በመቀስ ጫፍ ይፈታዋል። ጥንቸሉ መጀመሪያ ተንፈራገጠ፣ በኋላ ጆሮውን ጥሎ ዝም አለ። መምህሩ በአጥር በኩል አይቶት፣ «እነዚህስ ተመችተውሃል፣ ከጎን አሳጥርልኝ አይሉህ፣ ወሬ አውራን አይሉህ» አለው።

የተበጠረው ፀጉር ከረጢት በከረጢት ሆነ። እፍኝ ሙሉ ቢይዙት የያዙት አይመስልም፤ መስኮት ከተከፈተ ተነሥቶ ይበራል። «ይህን ሁሉ ምን ልናደርገው ነው?» አለ ጋሽ መቀስ።

«ድሮ ቢሆን እፈትለው ነበር። አሁን በምን ዐይኔ?»

«ያሳዩኝ።»

አሮጊቷ የቀለደ መስሏቸው ነበር። ወንበር ስቦ እግራቸው ስር ሲቀመጥ እንዝርቱን አወጡና እጁን በእጃቸው ያዙ። ክሩ ይበጠሳል፣ ይቀጥለዋል፣ ይበጠሳል። «አትነቀው!» ይሉታል። «የሕፃን ልጅ ፀጉር ስትቆርጥ እንዴት ነው የምትይዘው? እንደዚያ ያዘው።» መፍተሉን ሲለምድ ኪሮሹን አስያዙት። ይሠራል፣ ያቀብላቸዋል፤ እሳቸው የተሠራውን ቀለበት አንድ በአንድ በጣታቸው ጫፍ እየቆጠሩ ሄደው አንዱ ላይ ይቆማሉ። «እዚህ ጋ ዘለሃል። ፍታው።» ይፈታዋል። አይበሳጭም። ስድብም ምስጋናም እኩል ነው ለእሱ።

የመጀመሪያ ሥራው ኮፍያ ነበር። ሲጨርሰው ልኩ ሆነ፤ እየዋለ እያደረ ግን ሰፋና ዐይኑ ላይ ወረደ። አማቱ ዳበስ ዳበስ ሲያደርጉት ኮፍያው ከአፍንጫው ላይ ተገኘ። ልጃቸው ከሄደች ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቁት።

«የጥንቸል ክር አንዴ ከተለጠጠ አይመለስም» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ብቻውን አይሆንም፣ ከበግ ፀጉር ጋር ማጋባት...» ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

«የበግ ፀጉር ክር የት ነው የሚሸጠው?» አለ እሱ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ተለወጠ። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ እናገኘዋለን። ጥቁር ኮት ለብሶ የገባ ነጭ ብናኝ ለብሶ ይወጣል። አንድ መላጣ ደንበኛ ሚስቱ ትከሻው ላይ ፀጉር አግኝታ «የማን ነው?» ስትለው፣ «የማንም ቢሆን የእኔ እንዳልሆነ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሏት እንደተጣላችው ነግሮናል። ወገቡን ለሚያመው ባለታክሲ ሰፊ መቀነት ሠራለት። ባለታክሲው፣ «ወገቤ ላይ ድመት የተኛች ይመስለኛል» እያለ ለሰፈሩ አወራ፤ ወገብ የሚያመው ሁሉ መምጣት ጀመረ። ጋሽ መቀስ ትከሻ ይለካል፣ ወገብ ይለካል። ደስ ብሎት እንደሆነ ፊቱ አይናገርም።

ቀጣዩ ብርድ ሲገባ ሚስቱ መጣች። በጓሮ በር አልገባችም፤ በሱቁ በር ገብታ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እሱ መምህሩን እየላጨ ነበር።

«ቆይ፣ ልጨርስ» አላት።

መምህሩ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ተነሥቶ ሊወጣ ቢል ትከሻውን ይዞ አስቀመጠውና ላጭቶ ጨረሰ። ከዚያ ባልና ሚስት እናትየው ወደተቀመጡበት የጀርባ ክፍል ገቡ። ግድግዳው ስስ ነው፤ መምህሩም ጫማውን ለማሠር ረጅም ጊዜ ፈጀበት። አብዛኛውን የሰማነው ከእሱ ነው።

ሌላ ከተማ ቤት ተከራይታ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታለች። «ሌላ ሰው የለም» አለችው።

«አልጠየቅኩሽም።»

«ጠይቀኝ እንጂ!» ብላ ጮኸች። «እሱ እኮ ነው! ስንት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሳናግር ኖርኩ። ታመምኩ ስልህ እሺ፣ ዳንኩ ስልህ እሺ። ሄድኩ ብልህም እሺ ትለኝ ነበር፤ ለዚህ ነው ሳልነግርህ የሄድኩት።»

እሷም ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

«ስንተኛ ፎቅ ላይ ነሽ?»

«አራተኛ።»

«በእነዚህ ዐይኖቼና በእነዚህ ጉልበቶቼ? አልሄድም። ልጄ ነሽ፣ እወድሻለሁ፤ ወንበሬ ግን እዚህ ነው።»

ሚስትየዋ ወንበሩ ላይ የነበረውን ነጭ ሻርፕ አነሣች። ጠርዙ በትንንሽ ማራገቢያ ቅርጽ የተሠራ ነበር፤ ያንን አሠራር እናቷ ድሮ ከእሷ በቀር ለማንም አላሳዩም ነበር። «ይህን በየትኛው ዐይንሽ ሠራሽው?» አለች።

«እኔ የት አይቼ። እሱ ነው።»

ሻርፑን ገልብጣ አየችው፣ ጠርዙን በጣቷ ተከትላ ሄደች፣ ከዚያ ፊቷን ቀበረችበትና አለቀሰች። ጋሽ መቀስ ቆሞ አያት። ዝናብን በመስኮት እንደሚያይ ሰው ነበርኩ ብሎናል በኋላ፤ ዝናብ እንደሆነ ያውቃል፣ እሱን ግን አያረጥበውም። ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ ሱቁ ሄዶ የታጠበ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ለደንበኛ እንደሚያቀርበው አጥፎ ሰጣት። ተቀብላ ፊቷን ጠረገች።

ስትሄድ ሻርፑንና ሁለት ግልገል ጥንቸሎች ይዛ ሄደች፤ ሰገነት አለኝ አለች። እንዴት እንደሚያዙ ሊነግራት ሲጀምር፣ «እኔን ነው የምታስተምረኝ?» ብላ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

አሁን እናቷን ለማየት ትመጣለች። አልታረቁም፣ አልተፋቱም፤ ሰፈሩም ምን ብሎ እንደሚጠራው ግራ ገብቶታል። ባለፈው ስትመጣ እኔም ነበርኩ። ሻይ ቀረበ፣ እናትና ልጅ አወሩ፣ እሱ ኪሮሹን ይዞ ጥግ ተቀምጧል። በመሐል ዐይኑን ከሥራው ሳያነሣ፣ «ፋብሪካው ውስጥ ምንድን ነው የምትሠሪው?» አላት።

ሴትዮዋ ስኒውን አስቀመጠች። እናቷም ራሳቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ኪስ» አለች። «የሱሪ ኪስ። ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ።» ከዚያ ስለ ማሽኖቹ ጩኸት፣ ስለ ተቆጣጣሪዋ፣ አጠገቧ ስለምትቀመጠው ሣቂታ ሴት ማውራት ጀመረች፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አወራች። እሱ እጁን አላቆመም፣ ግን «እሺ» አላለም። አንድ ሁለቴ፣ «ከዚያስ?» ሲል ሰምቼዋለሁ።

በማግስቱ ፀጉሬን ሲቆርጠኝ ምን እንደተሰማው ጠየቅኩት። መቀሱን ከጆሮዬ አጠገብ አቁሞ አሰበ።

«እንጃ» አለኝ። «ቀና በል።»