ዘይነባ ያየችው ፊልም

ልጅ ሳለሁ አያቴ ተረት የሚያወራልን ቤት ውስጥ ሳይሆን የቡናው አልጋ ዳር ነበር። አልጋ የምለው መኝታውን አይደለም፤ በእንጨት ቋሚና በሽቦ ወንፊት ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ እሸት ቡና ተሰጥቶ የሚደርቅበት ነው። ቤታችን ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረና ያኔ ኅዳር ሲገባ የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰን፣ ደብተራችንን ጥለን ወደ እሱ እንሮጣለን። ቀኑን ሙሉ ቡናውን ሲያገላብጥ ይውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ላስቲኩን ከማልበሱ በፊት፣ ትንሽ እሳት አንድዶ ይቀመጣል። እናቴ የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር ትልክልናለች፤ የእርጥብ እንጨት ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ጉሬዛ ነጩን ካባ ከማን እንደቀማ እንሰማለን።

አያቴ አፉን የፈታው በቤንችኛ ነው፤ ነገር ግን ከልጆቹ ገሚሱ የሸኮ፣ ገሚሱ የካፋ፣ ገሚሱም ከሰሜን የመጡ ሰዎች ልጆች ስለነበርን የሚያወራልን ጎልምሶ በተማረው አማርኛ ነበር። አንድ ልማድ ነበረው። ትንፋሽ ሊወስድ ቆም ባለ ቁጥር አንድ ሰው «እሺ» ካላለው አይቀጥልም፤ ዝም ካልነው ተነስቶ ወደ ቡናው ይሄዳል። ያ «እሺ» የእኔ ነበር። ማንም አልሾመኝም፤ ግን ሌላ ልጅ ቢሞክር በክርኔ እጎሽመዋለሁ። ጉልበቱን ተደግፌ የምቀመጥበትም ቦታ የእኔ ብቻ ነበር።

ዘይነባ የመጣችው ያን ዓመት ነው። አባቷ ሚዛን ውስጥ ሱቅ የነበራቸው የጅማ ሰው ናቸው፤ እናቷ ስትታመም ጎረቤታችን ወደሆነችው አክስቷ ላኳት። እንደ እኔው የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ሚዛንን የማውቃት በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ እሷ ግን ታላቅ ወንድሟ ከጃኬቱ ሥር ሸሽጎ ቪዲዮ ቤት አስገብቷት ፊልም አይታለች። አባቴ ቪዲዮ ቤት የሚለውን ስም እንኳ እቤት አያስጠራም ነበር። ስለዚህ ገና አፏን ሳትከፍት ቀናሁባት።

አንድ ቀን አያቴ ተረቱን ሲጨርስ፣ «አባባ፣ እኔም ላውራ?» አለችው።

«አውሪ እንጂ፣ ልጄ!» አላት።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥብ አንድ ድሃ ልጅ አለ። አንድ ሽማግሌ ኩንግ ፉ ያስተምረውና ቀይ መቀነት ይሰጠዋል፤ መቀነቱን ሲታጠቅ ከጡጫው እሳት ይወጣል፣ ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላል፣ ከተማውን ከወንበዴ ይጠብቃል። ዘይነባ ይህን ቁጭ ብላ አልነገረችንም። የአክስቷን ቀይ ሻሽ ወገቧ ላይ አስራ በአልጋዎቹ መሀል «ሿ! ሿ!» እያለች ትዘላለች፤ አንዴ ወንበዴ፣ አንዴ አክተር እየሆነች፣ በራሷ ጠረባ ራሷን እየጣለች ትነሳለች። ልጆቹ «አክተሩ አይሞትም!» እያሉ ይጮኻሉ። እውነቱን ለመናገር እጅግ ያምር ነበር፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ላለመደሰት ጥርሴን ነክሼ ብቀመጥም እግሬ ብቻውን ይራገጥ ነበር።

ከዚያ ዘይነባ ትንፋሽ ልትወስድ ቆም ስትል አያቴ «እሺ!» አላት። አያቴ ራሱ!

ፊልሙ በአንድ ቀን አላለቀም። የወንበዴዎቹ አለቃ የሆነው ክፉ ሰውዬ ለካ የሽማግሌው የመጀመሪያ ተማሪ ነበር፤ አዲሱ ልጅ ሲመጣበት ቀንቶ የከዳ፤ ልጁንም ገደል ውስጥ ወረወረው። ልጆቹ ሁሉ ሲረግሙት እኔ ብቻ በሆዴ አዘንኩለት። በአራተኛው ቀን አያቴ የራሱን ተረት ጭራሽ ሳይጀምር፣ «ልጄ፣ ያ ልጅ ከገደሉ ወጣ?» ብሎ ጠየቃት። ያን ጊዜ አኩርፌ ከጉልበቱ ተነሳሁና ከፊት ለፊቱ፣ አልጋው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። ልብ ያለኝ የለም።

በአምስተኛው ቀን የመጨረሻው ድብድብ ደረሰ። ቡናው ሊደርቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው፤ ሲያገላብጡት መንኮሻኮሽ ጀምሯል። የእኛ አገር ሰማይ በኅዳርም ስለማይታመን አያቴ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ፊቱን ዝናብ ወደሚመጣበት ተራራ አዙሮ ነበር። ያን ቀን ግን ዘይነባን በደንብ ለማየት ብሎ ለተራራው ጀርባውን ሰጠ። እኔ ግን ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስለነበር ከጫካው በላይ ደመናው ሲጠቁር አየሁ። ነፋሱ የእንሰቱን ቅጠል ሲያራግብ ሰማሁ። «አባባ፣ ዝናብ!» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ያኔም አሳምሬ አውቀው ነበር፤ ቡናው ይርጠብ፣ ጥፋቱ የዘይነባ ይሁን፣ ሁለተኛም እዚህ እንዳትደርስ!

አክተሩ መቀነቱን ለመጨረሻ ጊዜ ሊታጠቅ ሲል ዶፉ ወረደ። እሳቱ ጠፋ። ላስቲኩን እየጎተትን ስንሯሯጥ ቡናው ውሃውን ጠጥቶ ጨርሶ ነበር፤ በሳምንቱ ሻገተ።

አባቴ መጥቶ «ማነው ያዘናጋችሁ?» ሲል እኔ ዘይነባን በዓይኔ አሳየሁት። አያቴ ግን፣ «ማንም አላዘናጋኝም፤ አንቀላፍቼ ነው» አለ። አባቴ አባቱን ደፍሮ አይቆጣም፤ ከማግስቱ ጀምሮ ግን ጥበቃውን ለሌላ ሰው ሰጠና ልጆች አልጋው ዳር እንዳንደርስ ከለከለን። አያቴ ኩራዙ አጠገብ ተቀምጦ ዝም ማለት ለመደ። አውራልኝ ብዬ ስለምነው፣ «እቤት ውስጥ አይመጣልኝም» ይላል። ዘይነባ እናቷ ሲሻላት ወደ ሚዛን ተመለሰች። አያቴም በሁለተኛው ዓመት ሞተ፤ እኔም «እሺ» የምለው ሰው አጣሁ።

አሁን ማሻ ከተማ አስተማሪ ነኝ። በቅርቡ ልጄ በስልኩ ፊልም ሲያይ ዓይኔ ቀይ መቀነት ላይ አረፈ። አጠገቡ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አየሁት። ሳህን አጣቢው አለ፣ ሽማግሌውም አለ። ገደሉ ግን የለም፤ የቀናው ተማሪም የለም። ልጄ በደስታ ሲዘል እኔ ሐዘን እንደገባው ሰው ፈዝዤ ቀረሁ።

ለሥራ ቴፒ ስወርድ ዘይነባ አሁን ጨርቅ ወደምትሸጥበት ሱቋ ሄጄ ነገርኳት። ሳቋ አልቆም አላት።

«ውይ፣ አንቺ ታደሉ! እኔ መች ጨረስኩት? ገና ሳይጋመስ መብራት ጠፋና ወንድሜ እየጎተተ አወጣኝ።»

የቀረውን ሁሉ፣ እኔ ያዘንኩለትን ያን ቀናተኛ ሳይቀር፣ የፈጠረችው እሷ ናት። በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ቀናሁባት። ሆኖም ይዤው የኖርኩትን አወጣሁት። «ዘይነባ፣ ያን ቀን ዝናቡ ሲመጣ አይቼ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ እንድትባረሪ ብዬ።»

ሳቋን አቆመች። «እኔም አይቼዋለሁ» አለች። «ፊቴ ወደ ተራራው አልነበር? ግን አክተሩ መቀነቱን ሊታጠቅ ነው፣ አባባ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም፤ እንዴት ብዬ ላቋርጠው? አባባን ከቦታቸው ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት አለቀስኩ መሰለሽ።»

ሁለታችንም ያንኑ ደመና አይተን ያንኑ ዝምታ ዝም ብለናል፤ እኔ ከምቀኝነት፣ እሷ ወሬው እንዳይቆረጥባት ብላ። ጥፋቷ እንኳ አስቀናኝ።

«መጨረሻውስ?» አልኳት። «መቀነቱን ታጠቀ?»

ከመደርደሪያው ቀይ ሻሽ ስባ ወገቧ ላይ አሰረች። ስትጀምር ያው የአሥር ዓመቷ ዘይነባ ነበረች። ትንሽ እንደሄደች ትንፋሽ ልትወስድ ቆም አለችና አየችኝ። ቅናቱ እዚያው ቦታው ላይ ነበር።

«እሺ» አልኳት።